ጃኬት የያዝኩት በሁለተኛው ጉዞ ነው

አዳማ ላይ ክረምቱ አንድ እግሩን ሲያወጣ አቧራው ይገባል። ጥቅምት ላይ ነፋሱ ተነስቶ የጠረጴዛዬን ወረቀት ይበትነዋል። መስኮት እዘጋለሁ። መስኮት ስዘጋ ደግሞ ይወብቃል። የምሠራው ሂሳብ ክፍል ነው። ከከተማው ዳር ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያስተከለው ይኸው ነፋስ ነው። ለመብራት ይጠቅማል፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ግን ጠላት ነው።

አምና መስከረም ላይ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከመስቀል ጀምሮ የነቢያት ጾም እስኪገባ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ደጋ እወጣለሁ አልኩ። ሩቅ አይደለም። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ስንት ዓመት አዳማ ስኖር አሰላን የማውቃት ለሰርግና ለለቅሶ፣ ያውም ደርሶ መልስ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ ቀሽም ነበር። ጥፋቱም የራሴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥቤ፣ ቁርሴን ተረጋግቼ በልቼ፣ አራት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አምስት ሰዓት ሆነ። አሰላ ስወርድ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ቀና ብዬ ጭላሎን ፈለግኩ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ እንዴት ይጠፋል? ጠፋ። ያለው ግራጫ ደመና ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። እኔ ደግሞ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝና ክፍት ጫማ ነው ያደረግኩት። አንድ ሱቅ በረንዳ ስር ተጠግቼ ስንቀጠቀጥ ባለሱቁ አዩኝና ሳቁ።

«ከአዳማ ነሽ አይደል?»

«በምን አወቁ?»

«በጫማሽ።»

ማኪያቶ ጠጥቼ፣ ጃንጥላ ገዝቼ፣ አሥር ሰዓት ላይ ወደ መጣሁበት ተመለስኩ። ከዚያ ቀን የተረፈኝ ጃንጥላውና ሳምንት ሙሉ የቆየ ጉንፋን ነው።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ሳማርር የአሰላ ልጅ የሆነች ባልደረባዬ አላዘነችልኝም። «በሰባት ሰዓት ጭላሎን ማን ያየዋል? እዚያ ማደር አለብሽ። እናቴ ጋ እደሪ፣ እሷም ሰው ትወዳለች» አለችኝ።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። የደጋ ከተማ ሰማይ የጠዋት ነው። ሌሊት አየሩ ቀዝቅዞ ይረጋል፣ ደመናው ይሳሳል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሜዳውን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ሽቅብ ተራራውን ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። በተለይ መስከረም ላይ መሬቱ ክረምቱን የጠጣውን ውሃ ገና አልጨረሰም። ስለዚህ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጭላሎ ነጠላውን ይከናነባል። ብርዱም እንዲሁ ምክንያት አለው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዳማ ወደ 1,600 ሜትር፣ አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናቸው። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በወረቀት ሲያዩት ትንሽ ነው። እጅጌ ጉርድ ለብሰው ሲያዩት ሌላ ነው።

ሁለተኛውን አርብ አደረግኩት። አስፈቅጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ጃኬት ይዣለሁ። መልካሳ ጋ አዋሽን ስንሻገር ገና ግራርና ሙቀት ነው። ዴራን አልፎ መንገዱ ሽቅብ ሲል መስኮት ከፍቶ የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋ። ኢተያ ላይ ስንዴው ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ግራ ቀኙ ስንዴ ነው። እስከ ጎንዴ፣ የስንዴ ምርምር ማዕከሉ እስካለበት እስከ ቁሉምሳም ድረስ።

አጠገቤ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ተቀምጠዋል። ሰብሉን ሳደንቅ ሰምተውኝ ኖሮ «ያምራል፤ ግን ገና ጎተራ አልገባም» አሉኝ። ከዚያ ዋግ ስለሚባለው የስንዴ በሽታ ያወሩኝ ጀመር። በ2003 ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ገብቶ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዘር እንዴት እንደጨረሰው ነገሩኝ። ቅጠሉን ሲዳብሱት እጃቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ይቀር ነበር። ልጃቸው እርድ የነካ መስሎት «አባዬ ወጥ ሠርተህ ነው?» ብሎ እንደጠየቃቸው ሲያወሩ ሳቁ። እኔ ግን ሳቄ መጣና ተመለሰ።

«አንቺ የወደድሽውን ብርድና ጤዛ ዋግም ይወደዋል» አሉኝ ሲወርዱ።

ከዚያ በኋላ ያንን አረንጓዴ ባየሁ ቁጥር እኒህ አባት ትዝ ይሉኛል። ፎቶ ማንሳቴን አላቆምኩም፤ ግን በመስኮት «ዋው» ማለቱን ትቻለሁ።

የባልደረባዬን እናት እማማ እላቸዋለሁ። በር ላይ ተቀበሉኝና ጃኬቴን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። «ይቺን ነው ጃኬት የምትያት?» ሌላ ነገር ሳይሉ ጋቢ አከናነቡኝ። አርብ ስለሆነ ሽሮ ነው። ከሰሉ ዳር ተቀምጠን በላን። ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው አስተኙኝ። አዳማ ላይ በዚያ ሰዓት ገና ጁስ ቤት ነኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝ። ወተት ሊያስመጡ ነው። በሩን ስከፍተው ጭላሎ ቆሟል። ምንም አልለበሰም። ጫፉ ላይ ፀሐይዋ ቀድማ ወጥታለች፣ እኛ ያለንበት ገና ጥላ ነው። ትንፋሼ ይጨሳል። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አለፈ፣ እሱም ይጨሳል። የጎረቤት ሴት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» አሉኝ፣ እኔም የማውቀውን ያህል መለስኩ። አደይ አበባው በየአጥሩ ስር አለ፤ ጤዛው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ይህን ሁሉ ያየሁት የወተት ዕቃ ይዤ ቁልቁል ስወርድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለዚያ ቅዳሜ ዝርዝር ጽፌ ነበር። የት እንደምሄድ፣ የት ፎቶ እንደምነሳ፣ የት ምሳ እንደምበላ። እማማም ዝርዝር ነበራቸው። የሳቸው አሸነፈ። ከቁርስ በኋላ የባቄላ እሸት ፈለፈልን። ግማሹን ጥሬውን በላሁት፣ «ሆድሽን!» እያሉ። ከዚያ ገብስ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ላኩኝ።

ወፍጮ ቤቱ ሽርሽር ይባላል ወይ? እንጃ። እኔ ግን አሰላን የወደድኳት እዚያ ነው። ወረፋው አሥር ሰው ይሆናል። ባለወፍጮው ሽፋሽፍቱ ድረስ ነጭ ነው። ወፍጮው ስለሚጮኽ ሰው ሁሉ ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግቶ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ወሬው ሁሉ ሐሜት ይመስላል። ከፊቴ ያለችው ሴት ልጇ አዳማ ዩኒቨርሲቲ እንደሚማር ነገረችኝ፤ ቀጥላ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ትንኙ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ተራዬ ደርሶ ዱቄቱ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ ትኩስ ነው። ወፍጮ ዱቄት እንደሚያሞቅ አላውቅም ነበር። በዚያ ብርድ ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፌው ቤት ገባሁ። ደረቴ ሞቆ፣ ጃኬቴ ነጭ ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ዝርዝር ጽፌ አላውቅም። አርብ እሄዳለሁ፣ የታዘዝኩትን እሠራለሁ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመለሳለሁ። ከአዳማም ባዶ እጄን አልሄድም፤ ቲማቲምና ሽንኩርት እይዛለሁ። ቆላ ቀረብ ስለምንል እኛ ጋ ይረክሳል። የሚኒባሱን ዋጋ አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይለወጣል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንዱን ጉዞ አስረዝሜ በቆጂ አደርኩ። ከአሰላ ሳጉሬን አልፎ ነው፣ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ብርዱ ከአሰላም ይብሳል። ትንሽ ከተማ ናት፤ ጋሪ፣ ባህር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ የዲባባ እህትማማቾች ሁሉ ከዚህ አካባቢ ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በማራቶን ወርቅ ሲያመጡ እኔ ልጅ ነበርኩ። ኃይሌ የአሰላ ነው፤ በቆጂዎች ይህን ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል፣ የኛ አይደለም ለማለት።

እና እኔም ሞኝነቴ ተነሳ። ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ልጆች ሲሮጡ አየሁና ለምን አልሮጥም አልኩ። ባህር ዛፉ መሃል ገባሁ። መቶ ሜትር ያህል ደህና ነበርኩ። ሁለት መቶ ላይ ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ሦስት መቶ ላይ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። አየሩ ስስ ነው፤ የሚሳበው ትንፋሽ ሙሉ መስሎ ከፊሉ ባዶ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ በሁለተኛ ዙሯ አጠገቤ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«እትዬ፣ ልደግፍሽ?»

ሼም ያዘኝ። «እረፍት ላይ ነኝ» አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። በሦስተኛው ዙር ስትመጣ እዚያው ነኝ። ዝም ብላ አለፈች፣ ጨዋ ናት። እዚህ ጋ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ቀን በእግር ዝም ብላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሳንባችሁ ለምዶ ይምጣ። ከቆላ መጥቶ በማግስቱ መሮጥ የኔ ዓይነቱ ሥራ ነው። ጭላሎ ጫፍም አልወጣሁም። መንገድ የሚያውቅ ሰውና ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ሦስት መቶ ሜትሯን አይቻለሁ።

ጊዜው ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ሁሌ ይጠይቀኛልና። አረንጓዴና አደይ ካሻችሁ ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ሂዱ፤ ግን ከሰዓት ዝናብ አለ። ሰማዩ ቁልጭ የሚለው ጥቅምት ነው፤ ጠዋት ውርጭ ይኖራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ያኔ በአፍ ብቻ አይቀርም፣ ሥጋ ቤቱ ይሞላል። ኅዳር ላይ ስንዴው ወርቅ ይሆናል። ይሄ ግን አይቆይም። አጨዳው ከታች፣ ከዴራና ከኢተያ በኩል ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ በቆጂ ዘግይቶ ነው የሚደርስ። አንድ ሳምንት ያያችሁት ማሳ በሁለተኛው ሳምንት ኮምባይነር አልፎበት ገለባ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ አንዱን እንዲህ አጥቼዋለሁ። «በሚቀጥለው ፎቶ አነሳዋለሁ» ብዬ ያለፍኩት፣ ጫፉ ላይ አንዲት ግራር ያለችበት ማሳ ነበር። ግራሯ አለች።

የመጨረሻው ጉዞ ኅዳር 15 ጾሙ ሳይገባ ነበር። እማማ ጭኮ ሠርተው ጠበቁኝ። ገብሱ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ያቺው ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ፣ በኮረሪማ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። አሰላ ላይ ደርቆ እንደ ቂጣ ይቆረሳል፤ በማንኪያ መግፋት ነበረብኝ። በፕላስቲክ ዕቃ ሞልተው «ለቢሮ ልጆች» አሉኝ። እሁድ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ዕቃውን ከወርሃዊ የሂሳብ ሰነዱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቢሮ ሄድኩ።

አራት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን ስከፍት የአዳማ ፀሐይ ሥራዋን ሠርታለች። ቅቤው ቀልጧል። ክዳኑ ስር አምልጦ የጥቅምትን ወጪ ማዘዣ ከላይ እስከ ታች አርሶታል። ቢሮው በሙሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ኃላፊዬ መጥተው ወረቀቱን በብርሃን አዩት፣ ቁጥሮቹ ከኋላም ይነበባሉ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ባልደረባዬ በሳቅ ወደቀች። ማንኪያ ፈልገን በላነው፣ ኃላፊዬም ጭምር።

ከሰዓት በኋላ እማማ ጋ ደወልኩ።

«ቀለጠብኝ» አልኳቸው።

«ታዲያ ቆላ አይደል ያለሽው?» አሉ። «ቀጥሎ ስትመጪ ዕቃውን መልሺልኝ።»