ብቅ ጥልቅ የሚሉት መብራቶች አልነሳ ሲሉ

የመብራቱን ማንሻ ሞተር ገና አትግዙ። ይቺን ቀድሜ የምላችሁ ብቅ ጥልቅ የሚል የፊት መብራት ያላት አሮጌ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ሁሉ፣ አንዱ መብራት እምቢ ያለ ቀን የመጀመሪያ ስራው ኢንተርኔት ላይ ሞተር መፈለግ ስለሆነ ነው። ያገለገለ ሞተር ይገዛል፣ ይገጥማል፣ መብራቱ አሁንም አይነሳም። ወይ ትንሽ ጊዜ ይሰራና እዚያው ይመለሳል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከደሙ ንጹህ ነው። ጥፋተኛው ሽቦ ነው፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ነው፣ የደረቀ ግራሶ ነው፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ያለች ሳንቲም የማታክል ፕላስቲክ ናት።

የኔዋ ጃፓን ሰራሽ ናት። ሁለት ወንበር፣ የሚታጠፍ ጣሪያ፣ የ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የግራ መብራቷ ደስ ሲለው ይነሳል፣ ካላሰኘው ተኝቶ ይቀራል። አንዱ ተነስቶ አንዱ ሲቀር መንገደኛ የምትጠቅስ ነው የምትመስለው። ሰው ይስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ማታ ላይ ግን አያስቅም።

እነዚህ መብራቶች ለጌጥ ብቻ የመጡ የሚመስለው ብዙ ነው። ጌጥነቱ አለ፣ አልክድም። ግን አሜሪካ ከ1940 ጀምሮ የፊት መብራት ቅርጹም መጠኑም ወጥ የሆነ፣ ተዘግቶ የታሸገ እንዲሆን አደረገች፤ ከመሬት የሚኖረው ከፍታም ገደብ ነበረው። አፍንጫዋ መሬት ሊነካ የደረሰ መኪና ላይ ያንን ትልቅ ክብ መብራት የት ታስቀምጡታላችሁ? ቀን ትደብቁታላችሁ፣ ማታ ታወጡታላችሁ። ሀሳቡ ራሱ ከሕጉም ይቀድማል። በ1936 የወጣችው ኮርድ 810 መብራቶቿ የሚወጡት በእጅ ነበር፤ ሾፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለ መዘውር ያዞራል፣ ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ። በ1968 የመጣችው ኦፔል ጂቲም መብራቷን የምታዞረው በእጅ ማንሻ ነው። አንዳንዴ ሽቦ ሳሳድድ ውዬ ምነው ሁሉም በማንሻ በቀረ እላለሁ። በ1983 አሜሪካ አምፖሉ ብቻ የሚቀየር፣ ቅርጹ ከመኪናው ጋር የሚሄድ መብራት ፈቀደች፣ ከዚያ በኋላ የመደበቁ ምክንያት እየሳሳ ሄደ። በፋብሪካ መጨረሻ የቆዩት አምስተኛው ትውልድ ኮርቬትና ሎተስ ኤስፕሪ ናቸው፣ ሁለቱም በ2004 አበቁ። ስለዚህ ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው መብራት ቢያንስ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አብዛኛው ሰላሳና አርባ። አርባ ዓመት የቆየ ግራሶ ግራሶ አይባልም።

ወደ ስራው። ኮፈኑን ክፈቱ፣ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መብራቱን ያብራ፣ ያጥፋ፣ እናንተ ጆሯችሁን ስጡ። ጆሯችሁን ብቻ። ጣት እንዳታስጠጉ፣ መብራቱን የሚያነሳው ትንሽ ክንድ ከሚታየው በላይ ጉልበት አለው። እምቢ ያለ መብራት ደግሞ የሚነሳው እናንተ ተስፋ ቆርጣችሁ እጃችሁን ስታስገቡ ነው። መንካት ስትፈልጉ መጀመሪያ የመብራት ማንሻውን ፊውዝ ንቀሉ፣ ወይ የባትሪውን ኔጌቲቭ።

ሁለቱም ጭጭ ካሉ ችግሩ ሁለቱ የሚጋሩት ቦታ ነው። ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ማብሪያ ማጥፊያው። ሁለት ሞተር በአንድ ቀን አይሞትም። ፖርሽ 944 ግን ለየት ይላል፤ እሱ አንድ ሞተር ነው ያለው፣ በዘንግ አያይዞ ሁለቱንም ያነሳል፣ ስለዚህ 944 ላይ አንዱ ብቻ ከቀረ ሞተሩን ትታችሁ ዘንጉንና ማጠፊያውን እዩ። ሪሌውን ለመፈተሽ ብዙ አትጨነቁ። ብዙ ጊዜ እዚያው ሳጥን ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ሪሌ አለ፣ አቀያይሯቸውና እዩ።

ሞተሩ ዝዝዝ እያለ መብራቱ ካልተነቃነቀ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ የተሸረፈ ጥርስ ነው ያለው፣ ወይ ክንዱን ዘንጉ ላይ ያሰረው ዳዶ ላልቷል። በተለይ የ1980ዎቹ አሜሪካ ሰራሾች፣ ፖንቲያክ ፊዬሮን የመሳሰሉት፣ ሞተራቸው ውስጥ ጥርሱንና ዘንጉን የሚያገናኙ ትንንሽ የናይለን ቁርጥራጮች አሉ። በእርጅና ይፈረካከሳሉ። የጓደኛዬን መኪና ከፍተን ያገኘነው ፍርፋሪ ነበር፣ በጣት ስንነካው ዱቄት የሆነ። ምልክቱም ግልጽ ነው፣ መብራቱ ቦታው ደርሶም ሞተሩ ለተወሰነ ሰከንድ ማጓራቱን አያቆምም። መለዋወጫው ርካሽ ነው፣ ሞተር የሚያስገዛ አይደለም።

ጥርሱ ራሱ ከተበላ ደግሞ በነሐስ የተሰራ ምትክ ይሸጣል። ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ብዙም አይመቸኝም፣ ምክንያቱም የሆነ ነገር ሲቀረቀር መሰበር ያለበት አንድ ደካማ ነገር ያስፈልጋል፣ ጥርሱ ከጠነከረ ጉዳቱ ወደ ማጠፊያው ወይ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በዚህ የማይስማማ ሰው መዓት ነው፣ እነሱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ይልቅ ጥርስ የሚጨርሰው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ በእጅ ተጭኖ መዝጋት። መብራቱ ግማሽ ላይ ሲቆም ሰው መዳፉን ያሳርፍበትና ይደፈጥጠዋል። አብዛኛው ሞተር ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ከውጭ ሲገፉት ወደ ኋላ አይዞርም፣ ስለዚህ የምትገፉት ሞተሩን ሳይሆን የናይለን ጥርሱን ነው። በረዶ ቆልፎት ሳለ ማስነሳትም ያው ነው። ለዚህ ተብሎ የተሰራ ነገር አለ፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በጎማ ክዳን የተሸፈነ መዘውር። ፊውዙን ነቅላችሁ እሱን እያዞራችሁ ታወጡታላችሁ። ብዙ መዞር ይፈልጋል፣ ትዕግስት ይኑራችሁ። ማታ መንገድ ላይ ቢያጋጥማችሁም መፍትሄው ይሄው ነው፣ በእጅ አውጡት፣ ፊውዙን ነቅላችሁ እንደወጣ ተዉትና ቤታችሁ ግቡ።

የኔዋ ላይ የሰማሁት ጠቅ የሚል ድምጽ ነበር። ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ሪሌው ትዕዛዙን ሰምቷል፣ ሞተሩ አልሰማም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። ቴስተር አምጥቶ የሞተሩ ሶኬት ላይ ይለካል፣ 12 ቮልት ያገኛል፣ "ሀይል እየደረሰ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ሞቷል" ይላል። አይደለም። ቴስተር ከረንት የሚስበው እጅግ ጥቂት ነው፣ ሽቦው ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር ብቻ ብትቀር እንኳን ሙሉ 12 ቮልት ያሳያችኋል፤ ሞተሩ ግን ሊሰራ ሲል ያቺ ክር አትበቃውም። ስለዚህ በቴስተር ፋንታ አምፖል ተጠቀሙ። የፍሬቻ አምፖል፣ 21 ዋት፣ ሁለት ሽቦ ተበይዶበት፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ሶኬቱን ከሞተሩ ንቀሉና መብራቱ እንዲነሳ እያዘዛችሁ አምፖሉን እዚያ አብሩት። ቦግ ካለ መንገዱ ደህና ነው። ከቀላ ወይ ጭል ጭል ካለ ሽቦው ነው ችግሩ። የኔው ቀላ።

ከዚያ ቴስተሩ ይመጣል፣ አሁን ስራ አለው። አምፖሉ እንደበራ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሶኬቱ ላይ ወዳለው ኔጌቲቭ ሽቦ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካለፈ ወደ ቦዲው የሚመለሰው መንገድ የሆነ ቦታ ተዘግቷል። የኔው ከዚያ በጣም በላይ ነበር። ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ፣ ከመብራቱ ጎን ቦዲው ላይ የታሰረች አንዲት ብሎን ጋ ወሰደኝ። ከሩቅ ጤነኛ ናት። ስፈታት ከስሯ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ፣ ቀለበቷም ያረፈው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነው፤ ከኔ በፊት አንድ ሰው ያንን አካባቢ ቀለም ሲያስቀባ ሽፍን አድርጎ አልፎታል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩት፣ ቀለበቱን ቀየርኩ፣ አጥብቄ አሰርኩ፣ ዝገት እንዳይመለስ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። መብራቱ ብድግ አለ።

ግን ቀኝየው ቶሎ ይነሳል፣ ግራው እየተጎተተ ነው። ባትሪ ነው እንዳልል የመኪናዋን ሞተር አስነስቼም ያው ነው፣ ያኔ እኮ ወደ 14 ቮልት ነው የሚያገኘው። እዚህ ላይ ነው የመብራቱን ሞተር ማውረድ ተገቢ የሚሆነው፣ ለመጣል ሳይሆን ለማጽዳት። ክንዱን ከዘንጉ ከማላቀቃችሁ በፊት ሁለቱን በጭረት ምልክት አድርጉባቸው፣ አለዚያ ስትመልሱ መብራቱ ሲዘጋ ይነሳል፣ ሲነሳ ይዘጋል። ከተቻላችሁ ክንዱን ጨርሶ አትንኩት፣ ከመግፊያው ዘንግ ጋር የሚገናኝበትን ብቻ አላቁ።

የእንደኔዋ ዓይነት ሞተር የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ግማሽ ዙር ሲሄድ መብራቱ ይነሳል፣ ሌላውን ግማሽ ሲሄድ ይወርዳል። የት እንደደረሰ የሚያውቀው ውስጡ ባለች የመዳብ ገበታ ነው፣ ከጥርሱ ጋር እየዞረች ትንንሽ ምላሶች ይነኳታል፣ መዳቡ ያለበት ቦታ ይገናኛል፣ የሌለበት ቦታ ይቋረጣል፣ ሞተሩም ይቆማል። ይቺ ገበታ በጥቁር ግራሶ ከተለወሰች ሞተሩ ግማሽ ላይ ይቆማል ወይ ደግሞ ማቆሚያውን ስቶ ዝም ብሎ ይነሳል ይወርዳል፣ ይነሳል ይወርዳል። ያንን ያየ ሰው ኮምፒውተር የተበላሸ ይመስለዋል። ኮምፒውተር የለም። ቆሻሻ ነው። የኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ ርጩበት፣ መዳቡን በእርሳስ ላጲስ ፈትጉት፣ ምላሶቹን በስሱ ቀና አድርጓቸው። ጥርሱ ላይ ያለውን አሮጌ ግራሶ በእንጨት ፋቁት፣ ቤንዚንና ቲነር አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይጎዳል። አዲሱን ግራሶ በጥቂቱ። ብዙ ግራሶ ብዙ ጥቅም አይደለም፣ ተመልሶ ገበታው ላይ ይወጣል።

ሞተሩ ወርዶ ሳለ መብራቱን በእጃችሁ አንሱና አውርዱት። አሁን የያዘው ነገር ስለሌለ ልል መሆን አለበት። የኔው ማጠፊያው ላይ ይከብድ ነበር፣ ዝገት ይዞታል። ሞተሩን ብቻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ አዲሱም ይሄንኑ ዝገት እየገፋ ያረጅ ነበር።

እዚያው እያላችሁ ወደ አምፖሉ የሚሄዱትን ሽቦዎች እዩ። መብራቱ በተነሳ ቁጥር እነሱም ይታጠፋሉ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ መዳቡ ይበጠሳል። መብራቱ ይነሳል ግን አይበራም፣ ወይ ጉድጓድ ስትገቡ ብልጭ ይላል። ሽቦውን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ የተበጠሰበት ቦታ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በቴፕ አትጠቅልሉት። አዲስና ልስልስ ሽቦ ቀጥሉበት፣ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ።

በቫኪዩም፣ ማለትም የመኪናው ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጠረው ጉልበት፣ የሚነሱ መብራቶች ያላችሁ፣ ከ1968 እስከ 1982 ያለው ኮርቬትና የድሮው ሎተስ ኢላን፣ ይሄ ሁሉ ብዙ አይመለከታችሁም። የእናንተ ጠላት የጎማ ቱቦ ነው። የመኪናዋን ሞተር አስነሱ፣ ፉጨቱን አዳምጡ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ በስሱ እየቆነጠጣችሁ ፉጨቱ የቱ ጋ እንደሚቆም እዩ። ቫኪዩሙ ወደሚጠራቀምበት ታንከር የሚወስደው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭም አይረሳ። ኋላ የተሰሩ አንዳንድ ኢላኖች ላይ ቫኪዩሙ የሚሰራው መብራቱን ይዞ ዝቅ ለማድረግ ነው፣ የሚያነሳው ስፕሪንግ ነው፣ ስለዚህ ማታ ዘግታችሁት ጠዋት ተነስቶ ካገኛችሁት የሚያፈስ ነገር አለ።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ክዳኑ ከቦዲው ጋር እኩል መተኛቱን ለማየት መጀመሪያ በመዘውሩ ዝጉት፣ በሞተር አትሞክሩት፣ ጠርዙ ቀለሙን ይልጠዋል። የሚገታውን የጎማ ማቆሚያ ወደ ላይ ወደ ታች እያላችሁ አስተካክሉ። ከዚያ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አጭሩን መብራት አብሩ። የነካችሁት መብራት ከሌላኛው ጋር እኩል ካልሆነ ማስተካከያ ቪቴዎቹ መብራቱ ጠርዝ ላይ ናቸው፣ አንዱ ለከፍታ፣ አንዱ ለጎን። ካቻቪቴ ስታስገቡ ፊውዙ መነቀሉን እንደገና አረጋግጡ።