ሼር አደረግኩ፣ ደም ተገኘ

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን ልጅ «ኦ ኔጋቲቭ ያላችሁ፣ በእናታችሁ ድረሱልን!» ብሎ ለጠፈ። እኔ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ፣ ያለኝ አማራጭ ሼር ማድረግ ነበር። ከምሳ በፊት አንዲት የማላውቃት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፤ የእህቷ ባል ፖስቱን ያየው ባልደረባው ገጽ ላይ ነው፣ ባልደረባው ደግሞ ከእኔ ወስዶ ነው፣ ባልየው ይኸው ደም ባንክ ክንዱን ዘርግቶ ተኝቷል፣ በሌላኛው እጁ ሚሪንዳ ጨብጧል!

ፋውለርና ክሪስታኪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። በገንዘብ ጨዋታ ላይ የአንዱ ለጋስነት እስከ ሦስተኛው ሰው ድረስ ይጋባል ይላል። እንግዲህ እኛም ሰፈር ደርሷል።

ብቻ ደሙ ሲገኝ ፖስቱ ላይ «ተገኝቷል» ብላችሁ ጻፉበት። የታማሚው ወንድም ስልክ እስካሁን አላረፈም አሉ።