የሚደግፍ እጁን ያውጣ

የልጄ ትምህርት ቤት ከወላጅ የሚሰበስበውን መዋጮ ከ300 ወደ 500 ብር አሳደገ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ሰፍሯል። ውሸት አይደለም፤ የተቃወመ የለም። ግን ማን ደፍሮ ይቃወማል? ርዕሰ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። መምህራኑ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የትኛዋ የማን እናት እንደሆነች ጠንቅቀው ያውቃሉ። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ሲባል እጅ ሁሉ ወጣ፣ የእኔም ጭምር። «የሚቃወም?» ሲባል ጭጭ። ሰብሳቢው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለና ወደ ልዩ ልዩ ጉዳይ ተሻገረ።

ብሩ አያስፈልግም የሚል የለም። መስኮቱ የረገፈ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ለደብረ ብርሃን ሰው አይነገረውም። የልጄ ክፍል ሁለቱ መስኮቶች መስታወት የላቸውም፣ በካርቶን ተደፍነዋል። ካርቶኑ ካለ ሰሌዳው አይታይም። ከተነሳ ብርዱ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ መምህሯ ስትጽፍ ይነሳል፣ ተማሪው ገልብጦ ሲጨርስ ይመለሳል። ካርቶኑን የሚያነሳውና የሚመልሰው መስኮቱ ሥር የተቀመጠው የእኔ ልጅ ነው። እንደ ሹመት ቆጥሮታል። ለሁለት በተሠራ ዴስክ ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ከመንግሥት የሚለቀቀው ድጎማ ከጠመኔና ከወረቀት አልፎ መስታወት ላይ አይደርስም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት እንጀራ ጋግራ ሸጣ ነው የምታድረው። ሁለት ልጆች እዚያው ታስተምራለች፣ ስለዚህ የእሷ ዕዳ 1,000 ብር ሆነ። አስፋልት ዳር ፎቅ ገትረው የሚያከራዩት ደግሞ ስብሰባውም ላይ አልነበሩም። ልጆቻቸው የግል ትምህርት ቤት ናቸዋ! እሷ 1,000፣ እነሱ ዜሮ። ይሄ ነው እንግዲህ ጌጡ።

ግብር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። የንብረት ታክስ አዋጁን የተወካዮች ምክር ቤት ጥር 2017 ላይ አጽድቆታል። ሐሳቡ በከተማ ያለ ቤትና ይዞታ በዋጋው ልክ ይክፈል ነው። ፎቅ ያለው እንደ ፎቁ፣ ጭቃ ቤት ያለው እንደ ጭቃ ቤቱ። ሰፈራችን ውስጥ ስሙ ሲነሳ ግን የማይከፋው የለም። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ የመጣውን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ለምደነዋል፣ አዲሱ ምን ይዞ እንደሚመጣ እንጃ። እኔም ቤት አለኝ፣ እፈራለሁ። ቤቱ ተወደደ ማለት ኪሱ ሞላ ማለት እንዳልሆነ የሚያውቅ ጡረተኛ ጎረቤት አለኝ። ቢሆንም ምረጥ ብባል ግብሩን እመርጣለሁ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ለከተማ መሠረተ ልማትና አገልግሎት ተባለ እንጂ ይሄን ያህሉ ለትምህርት ቤት የሚል ነገር የለውም። ከመንገዱና ከውሃው ጋር ወረፋ ሊጠብቅ ነው።

ድሮ ተለይቶ ነበር። በ1940 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ እንደ መሬቱ ደረጃ ይከፈል ነበር። ተጉለት የነበሩት አያቴ ካርኒያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያኖሩ ነበር፤ የርስት ማስረጃው እሱ ነዋ። የመሬቱ፣ የአሥራቱ፣ የትምህርቱ፣ በኋላ የመጣው የጤናውም ለየብቻ ተጽፈዋል። አያቴ የትምህርቱ ላይ ሲደርሱ ይስቁ ነበር። «እኛ ከፈልን፣ ትምህርት ቤቱ ከተማ ተሠራ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለይቶ መጻፍ ብቻውን በቂ አይደለም።

ካሊፎርኒያ ላለችው ታናሽ እህቴ ይሄን ሁሉ በቴሌግራም አወራኋት። እነሱ ጋ የትምህርት ቤት ቀረጥ ሲመጣ ስንት ዶላር፣ ለስንት ዓመት፣ ለምን እንደሚውል ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል አለችኝ። ድምፁ በምስጢር ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ካላገኘ ይወድቃል። ተከራይም ይመርጣል። ቀናሁ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ወንድም ጋሼ፣ ብዙ ከተማ እኮ ለአንድ ይዞታ ይሄን ያህል ተብሎ ነው የሚከፈለው። የሀብታሙ ግቢም የእኔም ጎጆ እኩል።» እነሱም ጋ ሎሚው ያው ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ተቃዋሚው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ለእኔ ግን እሱ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛም ብጣሽ ወረቀት ታድሎን በሣጥን ብንከት እንጀራ ጋጋሪዋ ምን ትል እንደነበር ማየት እፈልግ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሰብሳቢውን ይዤ ሁለት ነገር ጠየቅኩት። አንደኛ፣ መክፈል ለከበደው ወላጅ ይቀነስ። ሁለተኛ፣ የገባውና የወጣው ብር በር ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ለመጀመሪያው «በፈቃደኝነት እኮ ነው» አለኝ። ለሁለተኛው «ይታሰብበታል»። ማክሰኞ ሄጄ 500 ብሬን እከፍላለሁ። ሞዴል 64 የሚባለው የመንግሥት ደረሰኝ ካልተቆረጠልኝ ግን ብሬን ይዤ እመለሳለሁ።