ቀዩና ነጩ ኬሞ

ወደ ካንሰር ዎርድ በተመደብሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ሁላችንም «ሲስተር» እያልን የምናከብራቸው አንጋፋ ነርስ፣ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ስበጠብጥ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ ይኸ ቀዩ እንዳይነካሽ ተጠንቀቂ» አሉኝ። ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ ጓንት ላይ ጠብ ሲል በግልጽ ይታያል፣ ከደም ሥር ካመለጠ ሥጋ ያቆስላል፣ የታማሚውንም ሽንት ያቀላል። እኔም ቀዩን እየፈራሁ፣ ሲሟሟ እንደ ውኃ የሚጠራውን ነጩን ሳይክሎፎስፋማይድ ግን ሻይ በምንጠጣበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ በአንድ ተራ ጓንት፣ ያለ ሥጋት ስበጠብጥ ከረምሁ።

ፍርሃታችንን ይመራ የነበረው ዓይናችን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መቀመጫው ሊዮን የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዶክሶሩቢሲንን በምድብ 2ሀ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ካለው ጋር ሲመድበው፣ ቀለም የሌለውን ሳይክሎፎስፋማይድ ግን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ከምድብ 1 አስገብቶታል። ማስረጃው የተገኘው በዋናነት መድኃኒቱን ከወሰዱ ታማሚዎች ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ በፊኛ ካንሰርና በደም ካንሰር ተይዘዋል። ታማሚው ይህን አደጋ የሚቀበለው ለመዳን ሲል ነው፤ ነርሷ ግን መጠኑ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ያለ አንዳች ጥቅም፣ በየቀኑ ትጋራዋለች።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የፊንላንድ ተመራማሪዎች እነዚህን መድኃኒቶች የሚይዙ ነርሶችን ሽንት በባክቴሪያ ሲፈትኑ፣ ዘረመልን የመለወጥ ባሕርዩ ካልተጋለጡት ሰዎች ሽንት በልጦ አገኙት። መንገዱም ረቂቅ ነው፦ ቫያሉ (የመድኃኒቱ ብልቃጥ) ውስጥ ግፊት ካለ መርፌው ሲነቀል በዓይን የማይታይ ጤዛ ይረጫል፣ ጠብታው በቆዳ ይሰርጋል፣ ከጠረጴዛው በእጅ ወደ አፍ ይሻገራል። ስለዚህ «ተጠንቀቂ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። ሌላው ቀርቶ መድኃኒቱ የሚበጠበጥበትን፣ አየር የሚያጣራ ሳጥን መሰል ካቢኔ ማግኘትም አይበቃም፤ አየሩን ወደ ሠራተኛው ፊት የሚገፋው ዓይነት መድኃኒቱን ከጀርም ሲጠብቅ ሠራተኛውን ያስተነፍሰዋል። የሚያስፈልገው አየሩን ከላይ ወደ ታች አውርዶ የሚያጣራው ነው፤ ከእርሱም ጋር በየ30 ደቂቃው የሚለወጥ ድርብ የኬሞ ጓንትና ፈሳሽ የማያሳልፍ ጋውን።

ሌላው የነርሶች የካንሰር ሥጋት ስለሆነው ስለ ሌሊት ተረኝነት ብዙ ስለሚጻፍ እዚህ አልዘገይበትም። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2007ም በ2019ም በምድብ 2ሀ አስቀምጦታል፣ ዴንማርክም ለረጅም ዓመታት ሌሊት ሠርተው በጡት ካንሰር ለተያዙ ሴቶች ካሳ ከፍላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የእንግሊዝ ሰፊ ጥናት ግን ያን ዝምድና አላገኘም። ክርክሩ ይቀጥል፤ በመበጥበጫው ጠረጴዛ ላይ ግን ምን መደረግ እንዳለበት የሚያከራክር ነገር የለም።

መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ የታማሚው ሽንትና ትውከት በጓንት ሊያዝ ይገባል። በእኛ ዎርድ ፖፖውን የሚደፉት የጽዳት ሠራተኞች ነበሩ፤ ለእነርሱ ስለ ቀዩም እንኳ የነገራቸው አልነበረም።