ኤክሷ በየት በኩል ናት?

ማንኳኪያዋን የገዛሁት ለንደን፣ ፖርቶቤሎ ገበያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ከድሮ በር ላይ የወረደች ብረት ናት። ሻጩ ገልብጦ ጀርባዋ ላይ ያለውን ምልክት አሳየኝና «ኤክስ 1842 ማለት ነው» አለኝ። 40 ፓውንድ። ተከራከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ለነገሩ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እያለ ተጣርቶ ላደገ ሰው ማንኳኪያ ምን ይሠራለታል? ግን ምልክቷ እንቅልፍ ነሳችኝ።

በካርታ መጫወቻ ላይ ያለውን ዳይመንድ ትመስላለች። ከ1842 እስከ 1883 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ ንድፉን ያስመዘገበ ሰው ሌላው እንዳይቀዳበት ዕቃው ላይ ያደርጋት ነበር። አናቷ ላይ ያለችው ክብ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ትናገራለች፤ የሮማ አንድ ብረት ነው፣ ሁለት እንጨት። አራቱ ማዕዘኖች ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ንድፉ በዕለቱ የተመዘገበበትን ጥቅል ቁጥር ይይዛሉ። ዓመቱና ወሩ በፊደል ነው የሚጻፉት፤ ያውም ያለ ተራ። 1842 ኤክስ፣ 1843 ኤች፣ 1844 ሲ። በ1867 26ቱም ፊደሎች አለቁ። በ1868 እንደገና ከኤክስ ጀመሩ። እንዳይምታታ ግን ቦታ አቀያየሩ፤ ላይ የነበረው የዓመት ፊደል ወደ ቀኝ ዞረ።

የእኔዋ ኤክስ በቀኝ ናት። ከታች ኤም አለች፣ ጁን ማለት ነው። ሻጩ 26 ዓመት መርቆልኛል።

ማክሰኞ በዲስትሪክት መስመር ባቡር ወደ ኪው ሄድኩ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል። ቦርሳ ሎከር ውስጥ ይቀራል፣ እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። የንድፍ መዝገቦቹ ቢቲ 44፣ የንድፎቹ ሥዕሎች ቢቲ 43 ይባላሉ። ቀኗንና የጥቅል ቁጥሯን ይዤ ገጽ በገጽ ስገልጥ ድንገት እሷው ራሷ! በቀለም የተሳለች፣ የአበባ ጉንጉኗ ሳይቀር። የሆነ የሠርግ ፎቶ ላይ ዘመዴን ያገኘሁ መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ድምፅ አውጥቼ ነበር መሰለኝ።

እዚያ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ከዩስተን ተሳፍሬ ዎልቨርሃምፕተን ወረድኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ዊለንሆል። ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በአንድ ወቅት ግን ቁልፍና ጓጉንቸር የሚሠራው ሰው ብዛት ለጉድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲሞርዱ ጀርባቸው ይጎብጥ ነበር፤ ከተማዋም በጉብጠታቸው ቅጽል ስም ወጥቶላታል። መጠጥ ቤቶቹም ጉብጠታቸው እንዲያርፍበት ግድግዳ ይቦረቡሩላቸው ነበር ይባላል። ይህችን እንኳ እኔም በግማሽ ልብ ነው የሰማኋት።

እዚያ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ከብረት ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። ማንኳኪያዋን አገላብጠው ዳይመንዷ ላይ ጥፍራቸውን አስኬዱ። «ደንዝዛለች» አሉኝ። ምልክቷ ንድፉ መቼ እንደተመዘገበ እንጂ ብረቱ መቼ እንደቀለጠ አትናገርም አሉ። አንድ ሰው አሮጌውን ማንኳኪያ አሸዋ ላይ አትሞ፣ ቅርጹ ውስጥ ብረት ቢያፈስስበት፣ ዳይመንዷም አብራ ትቀዳለች። ያው ጠርዟ ይደበዝዛል እንጂ።

«ታዲያ በምን ይታወቃል?» አልኳቸው።

«በሜትር!»

የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ከመቶ አንድ ያህል። ቅጂው ሁልጊዜ ከእናቱ ትንሽ ያንሳል። የመጀመሪያው ሠሪ መኮማተሩን አስቦ ሞዴሉን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፤ አሮጌ ዕቃ የሚቀዳው ግን ያንን አያደርግም። ይህን ከሰማሁ በኋላ እንደገና ወደ ባቡሩ ስመለስ ማንኳኪያዋ የከበደችኝ መሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሜትር ኪሴ ውስጥ ከትቼ ፖርቶቤሎ ሄድኩ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ እህቷን አገኘኋት፤ ያው ጉንጉን፣ ኤክሷ በቀኝ፣ የዳይመንዷ ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ። 90 ፓውንድ። ለካኋት፤ 18 ሴንቲ ሜትር ድፍን።

የእኔዋ በ2 ሚሊ ሜትር ታንሳለች።