ዜሮ ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ሥራዬ ሰው ታሞ እስኪድን ምን ያህል እንደሚያወጣ ማጥናት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠራ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ሰውየው እስኪድን ቤቱ ምን ሆነ ብለን እንጠይቃለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቲቢ ታማሚዎችን ወጪ ከሚያጠና ቡድን ጋር ወደ መንዝ ወጣሁ። ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፈን፣ በሞላሌ አድርገን መሐል ሜዳ ገባን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ብርዱ ጠዋት ጠዋት እስክሪብቶ አያስይዝም። ደግነቱ የምንሞላው በታብሌት ነው።

«ቲቢ መድኃኒቱ በነፃ አይደለም እንዴ? ምን ወጪ አለው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ መድኃኒቱ በነፃ ነው። ሕክምናው በተለመደው ቲቢ 6 ወር ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጣዮቹን 4 ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። ግን የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀው የቲቢ ስትራቴጂ ሞትንና አዳዲስ ታማሚዎችን ከመቀነስ ሌላ አንድ ግብ ጨምሯል፦ በቲቢ ምክንያት ኑሮው የሚናጋ ቤተሰብ አንድም እንዳይኖር። መለኪያው 20 በመቶ ነው። በቲቢ ሳቢያ የወጣው ገንዘብና ሳይገባ የቀረው ገቢ ተደምሮ የቤተሰቡን የዓመት ገቢ አንድ አምስተኛ ካለፈ፣ ያ ቤት ተናግቷል ይባላል።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሥልጠናም ወስጃለሁ። እንዲያም ሆኖ ተሳሳትኩ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ታማሚዎችን አንድ በአንድ አነጋግራለሁ። ሃምሳን የተሻገሩ ገበሬ መጡ። ባና ተከናንበዋል። ሕክምና ከጀመሩ ወር ሆኗቸዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ፣ ጀመርን።

«ለመድኃኒቱ ስንት ከፈሉ ጋሼ?»

«ምን ከፍዬ፣ በነፃ ነው የሚሰጡኝ።»

«ለመኪናስ?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«ለምግብ?»

«ቆሎዬን ቋጥሬ እመጣለሁ።»

«በሕመሙ ምክንያት የቀረብዎት ገቢ አለ?»

«እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም ልጄ።»

«ለሕክምናው ብለው የሸጡት ንብረትስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰቡ። «ለሕክምናው? የለም» አሉ።

ታብሌቱ ደምሮ ዜሮ አወጣ። አመሰገንኳቸው፣ ቀጣዩን ጠራሁ። 15 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ቀና ስል ሰውየው በዱላቸው ተደግፈው አጥሩ ጋ ትንፋሽ ሲሰበስቡ አየሁ። ቤታቸው የሦስት ሰዓት መንገድ እንደሆነ አሁን ነግረውኛል። ይህን እያወቅሁ ዜሮ መጻፌ ያኔ ምንም አልቆረቆረኝም።

ጥናቱ ያንኑ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ማነጋገር ነበረበት። ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ። ሰውየው የመጀመሪያውን 2 ወር ጨርሰው መድኃኒቱን ከቀበሌያቸው ጤና ኬላ መውሰድ ጀምረዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ጤና ኬላ ከምትጠብቃቸው ቤታቸው እንሂድ፣ ቅርብ ነው» አለችኝ። አብረን ሄድን።

አውድማው ላይ ገብስ ተወቅቷል። ግን እህሉ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የተከመረው። ግድግዳው ላይ ቀንበር ተሰቅሏል፤ በረት ውስጥ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው። የገበሬ ልጅ ነኝ። ጥማድ በሬ የነበረው ቤት ነጠላ በሬ ሲቀረው ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አይገባም።

«ሌላው በሬ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከቅጹ ላይ አይደለም፣ እንዲሁ ነው ያወጣሁት።

ባለቤታቸው መለሱልኝ። «በሬውንማ ሐምሌ ላይ ሸጥነው። እሱ ያስላል፣ ደም ይተፋል፤ ማን ይረስ? መሬቱንም ለሰው በእኩል ሰጠነው።» በእጃቸው አውድማውን አሳዩኝ። አንዱ ክምር የእኩል አራሹ ነው።

ወደ ሰውየው ዞርኩ። «ጋሼ፣ ባለፈው የሸጡት ነገር እንደሌለ ነግረውኝ ነበር እኮ።»

«አንተ ለሕክምና ነው ወይ አልከኝ። በሬው የተሸጠው ለእህል ነው። ሕክምናውማ በነፃ ነው።»

አልዋሹኝም። የጠየቅኋቸውን ነው የመለሱልኝ።

ያን ቀን ቅጹን ዘግቼ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው። ቡና ተፈላ። ቀኑን በወርና በቀን አልጠየቅሁም፤ በበዓልና በእርሻ ሥራ ነው የተቆጠረው። ሳሉ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጠበል ገቡ። ከዚያ ከተማ ወርደው አንድ የግል ክሊኒክ ሁለቴ ታዩ፤ ሽሮፕና መርፌ ሰጧቸው። የጤና መድህን መታወቂያ አላቸው፣ በየዓመቱ ይከፍላሉ፣ ግን መድህኑ የሚሠራው ውል በገባባቸው የመንግሥት ተቋማት ነው፤ ለክሊኒኩ ከኪሳቸው ከፈሉ። ሰኔ ላይ እርፍ መያዝ አቃታቸው። መሬቱ በእኩል የተሰጠው ያኔ ነው። ሐምሌ ላይ ጎተራው ባዶ ሆነ። በሬውን ገበያ አወጡት፤ በክረምት እህል የጨረሰ ሰው መሸጥ ግድ እንደሆነበት ነጋዴው ያውቃል፣ ዋጋውን ጣለው። ከብሩ ላይ ደብረ ብርሃን ወርደው ራጅ ተነሡ፣ የወንድማቸው ልጅ አስታመማቸው፣ ሁለት ሌሊት አደሩ። ቲቢ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ነፃው መድኃኒት የተጀመረው መስከረም ላይ ነው።

እኔ የጠየቅሁት ከመስከረም ወዲህ ያለውን ነበር። ቤቱ የፈረሰው ግን ከፋሲካ እስከ ጳጉሜ ባለው ጊዜ ነው።

በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ለቲቢ ታማሚ ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ በሽታው ከመታወቁ በፊት ያለው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ይመርመር የሚባለውም ለሳንባው ብቻ ሳይሆን ለጎተራውም ነው። እኔም ንድፈ ሐሳቡን አንብቤዋለሁ። ችግሩ ያነበብኩት ጥያቄዬ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

ማታ ማረፊያችን ገብቼ የሞላኋቸውን ቅጾች ከፈትኩ። ዜሮዎቹን ለየሁ። ብዙ ናቸው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚያ ዜሮዎች እንዳሉ ቢደመሩ ውጤቱ «የመንዝ ገበሬ በቲቢ እምብዛም አይጎዳም» ይሆን ነበር። ያንን አንድ ባለሥልጣን አንብቦ በጀት ይወስንበታል።

በማግስቱ ለአስተባባሪያችን ነገርኩት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «ቁጥሩን በግምት ማስተካከል አይቻልም፤ ሰዎቹን እንደገና መጠየቅ ነው» አለ። መጠይቁን በመሃል መቀየር ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ተጠበቀ፣ ተፈቀደ።

በሬው እንዴት ይቆጠር የሚለው ብዙ አከራከረን። አንዷ ባልደረባችን የበሬውን ዋጋ እንዳለ ወጪ እናድርገው አለች። አይሆንም። የበሬው ብር ራጅና እህል ሆኗል፤ ራጁን ለብቻ ቆጥረን በሬውንም ብንደምር አንዱን ብር ሁለቴ ቆጠርነው ማለት ነው። ስለዚህ በሬውን ቤተሰቡ ወጪውን እንዴት እንደተቋቋመ በሚያሳየው ክፍል አስገባነው። ለእኩል አራሹ የሄደው ገብስ ግን የቀረ ገቢ ነው። በአካባቢው የገበያ ዋጋ ተምኖ ይገባል። የዓመት ገቢውም እንዲሁ፦ የበልጉና የመኸሩ ገብስ፣ የተሸጠው በግ፣ የተሸጠው የበግ ጸጉር። «ገቢዎ ስንት ነው?» ተብሎ መልስ የሚገኝለት ነገር አይደለም።

መግቢያ ጥያቄውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ «ሳሉ ሳይጀምርዎት ደጅዎ ላይ ምን ምን ነበረ? ዛሬስ ምን አለ?» ሰዎች ለዚህ ጥያቄ እጃቸውን ዘርግተው ነበር የሚመልሱት። ይሄ በግ ነበር፣ ያ ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፣ ያቺ ላም ለእገሌ ተሰጥታለች ይሉኛል። አንዱ ቃለ መጠይቅ ከአንድ ሰዓት በላይ መውሰድ ጀመረ። በቀን የምናነጋግረው ሰው ቁጥር አሽቆለቆለ፣ የነዳጅና የአበል ሒሳብ ከበደ። ዛሬም ብጠየቅ ያ ጊዜ ይገባው ነበር እላለሁ።

መጋቢት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ጋሼ ቤት ሄድኩ። 6 ወሩን ጨርሰው፣ አክታቸው ተመርምሮ ነፃ ሆነዋል። ወፍረዋል። ለበልጉ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብተው ሲያርሱ ነው የደረስኩት። ሞፈሩን አቁመው መጡና «እስቲ ስለ እኔ የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ክሊኒኩን፣ ራጁን፣ ሁለቱን ሌሊት፣ በሬውን፣ የገብሱን ግማሽ። እያንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«ልጁን አልጻፍከውም» አሉ።

«የቱን ልጅ?»

ከማሳው ማዶ በጎች የሚጠብቅ ልጅ አሳዩኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበር። እሳቸው ሲተኙ በጎቹን የሚይዝ ጠፍቶ አቋረጠ። ዘንድሮም አልተመለሰም።

ቅጹ ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ አልነበረም። የአስተያየት ሳጥኑን ከፍቼ ጻፍኩት፣ ከዚያም ደግሜ አነበብኩላቸው።