ካርታ ያልያዘው ዘማች፦ የኦጋዴንን ጦርነት በተራ ሚሊሺያ ዓይን የጻፍኩበት መንገድ

ስለ ኦጋዴን ጦርነት ልብ ወለድ ለመጻፍ ስነሳ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ መጽሐፉ ውስጥ የጄኔራል ሐሳብ አይገባም። አዛዥ ካለም በጂፕ አቧራ አስነሥቶ የሚያልፍ ነው፤ ምን እንዳቀደ ባለታሪኬም አያውቅም፣ አንባቢም አያውቅም። ባለታሪኬ የጎጃም ገበሬ ነው። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ፣ ሰኔ 1969 አብዮት አደባባይ ተሰልፎ፣ ከዚያ በመኪና ተጭኖ ወደ ምሥራቅ የወረደ ሚሊሺያ። ከመደበኛው ጦር ጎን ሆኖ ያን ጦርነት የተሸከመው እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ተጽፎ የምናገኘው ግን በአብዛኛው የመኮንኖች ትዝታ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው።

የጦርነቱን አጽም ማግኘት አያስቸግርም። የሶማሊያ መደበኛ ጦር ሐምሌ 1969 ድንበር ጥሶ ገባ፤ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋን ሊይዝ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ጅጅጋ በ1970 መባቻ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 የኢትዮጵያና የኩባ ጦር መልሶ ያዛት። ቀኖቹን በትልቁ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌያቸው ነበር። ዘማቾቹ ዘንድ ስሄድ ግን በቀን የሚቆጥር የለም። «ከጥምቀት ወዲህ»፣ «ሁዳዴ ሳይገባ»፣ «ያ ልጅ በወደቀ ማግስት» ነው የሚሉት። አንድ አባት፣ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ጅጅጋን የያዝነው የቅበላ ለት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ባሕረ ሐሳቡን ቆጠርኩ። የ1970 ፋሲካ ሚያዝያ 22 ነው፤ ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ የካቲት 27። የካቲት 26 እሑድ ነበር፤ እውነትም ቅበላ። ጅጅጋ የተያዘችበትን ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ለአንድ ክርስቲያን ገበሬ ምን እንደነበር የነገሩኝ ግን እኚህ አባት ናቸው። የልብ ወለዱ ዋና ምዕራፍ የተወለደው ከዚህ ነው።

ምዕራፉ ላይ ጎጃሜው ከተማረከ ስንቅ ውስጥ አንድ የሥጋ ቆርቆሮ ያገኛል። ነገ ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ለቀናት ከኮቾሮ፣ ከዚያ ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ በቀር የቀመሰው የለም። ግን ሥጋው በሙስሊም እጅ የታረደ ነው፤ በአገሩ ልማድ አይበላውም። ቆርቆሮውን ሲያገላብጥ ያመሽና አብሮት ለሚጠብቀው ወሎዬ ሙስሊም ይሰጠዋል። ወሎዬው ደግሞ ብቻውን መብላት ያፍራል። ሁለቱ ሰዎች በጨለማ፣ ባልተከፈተ ቆርቆሮ ላይ «ብላ እንጂ»፣ «አንተ ሳትበላ?» ሲባባሉ የሚያድሩበትን ምዕራፍ ስጽፍ አንድ ጥይት አላስተኮስኩም። ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ለመጻፍ የሚያስብ ካለ፣ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የአጠያየቅ ነገር ነው። «ስለ ውጊያው ይንገሩኝ» ሲባሉ ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ያን ጊዜ በሬዲዮ የሰሙትን ዓይነት ንግግር ይጀምራሉ። «እግርዎ ላይ ምን ነበር? ውሃ ማን ያመጣ ነበር? ሌሊት ከማን ጋር ነበር ዘብ የሚቆሙት?» ስል ግን ድምፃቸው ራሱ ይለወጣል። አንዱ ኮቾሮውን እንዴት ይበሉት እንደነበር በእጃቸው አሳዩኝ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ በጠመንጃ ሰደፍ መሰባበር፣ ከኮዳው ጥቂት ውሃ ማርከፍከፍ፣ እስኪርስ መጠበቅ። «እስኪርስ» ሲሉ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የውሃ ቦቴ የቀረበት ቀን ትዝታ ከመድፍ ድብደባው ይልቅ ያስቆጣቸዋል። ስለዚህ በመጽሐፌ የቦቴው ድምፅ ከመትረየሱ ይበልጣል።

ሁለተኛው ትግል ከራሴ እውቀት ጋር ነበር። እኔ አንብቤያለሁ፤ ዋናው ኃይል ጅጅጋ አጠገብ ያለውን የካራማራን ተራራ ፊት ለፊት ብቻ አልገፋም፣ በሰሜን በኩል ዞሮ ከተራራው ጀርባ ወጣ፣ ሄሊኮፕተሮችም ከባድ መሣሪያ አመላለሱ። ባለታሪኬ ይህን ከየት ያውቃል? እሱ ያለው ተራራው ሥር ነው። የሚያየው ሆዳቸው የከበደ ሄሊኮፕተሮች በላዩ ሲያልፉ ነው፤ ጓዶቹ ዳቦ ነው፣ ቁስለኛ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ማታ ማታ ረቂቁን ሳነብ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር «ይህን ማን ነገረው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ እሰርዛለሁ፤ በጣም የምወደውም ቢሆን። ካርታ መስጠት አንባቢን የሚረዳ ይመስላል፤ ወታደሩን ግን ይገድለዋል፤ ፍርሃቱ የሚመጣው ከተራራው ጀርባ ያለውን ካለማወቁ ነውና።

ከሐረር ጅጅጋ መንገዱን በባቢሌ በኩል ሄጄበታለሁ። ለጽሑፉ የጠቀመኝ ግን ከሁሉ በላይ ብርዱ ነው፤ ቀን ያቃጠለ ሜዳ ሌሊት እንዲያ ይቀዘቅዛል ብሎ የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም።

ስለ ጠላት ጥቂት ልበል። ዘማቾቹ የሶማሊያን ወታደር ፊት ለፊት ያዩት ከስንት አንዴ ነው፤ የሚያውቁት ተኩሱን ነው። ስለዚህ ክፉም ደግም አድርጌ አልሣልኩትም። የእኔ ሰዎች ጥሎት የሄደውን ምሽግ ሲይዙ በጥላሸት የጠቆረ የሻይ ጀበና ያገኛሉ፤ ያፈሉበታል። በዚያው ሌሊት የሚናገር የለም። በተኩስ ምዕራፎች ደግሞ ተራኪዬ «ወጣን፣ ተኛን፣ ተኮስን» ነው የሚለው፤ ሲርበውና ሲፈራ ብቻ «እኔ» ይላል። ይህንንም የተማርኩት ከአነጋገራቸው ነው።

አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። ካራማራ ላይ ካሸነፉት ብዙዎቹ ወደ እርሻቸው አልተመለሱም፤ በዚያው በ1970 ወደ ኤርትራ ግንባር ተጓዙ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ሰሜን መዞሩን መቼ እንዳወቁ፣ ማን እንደነገራቸው፣ ወይስ ከፀሐዩ አቅጣጫ እንደገመቱ ዘማቾቹን እየዞርኩ መጠየቅ ይዣለሁ።